ጅብ ከሄደ የጮኸ ደወል

እሳት ተነሣ ሲባል የማይሮጥ የለም። የሰፈሩ ሰው ባልዲውንና ጀሪካኑን፣ ወታደሩ አካፋውን ይዞ ሲረባረብ በየጊዜው ያየነው ነው። ይህ መረዳዳት የሕዝባችን የቆየ ባሕርይ ስለሆነ ማንም የሚያስተምረው አይደለም። ነገር ግን እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ወራትና ዓመታት ማን ምን ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

በየከተማው በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ትልልቅ ሕንፃዎች አሉ። ሆስፒታሎች፣ የስብሰባ አዳራሾች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ የጦር ሰፈር ግምጃ ቤቶችና የመመገቢያ አዳራሾች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ለአንዳንዶቹ፣ በተለይም ለአዲሶቹና ለባለ ፎቆቹ፣ ጢስ ጠቋሚ መሣሪያ፣ የማስጠንቀቂያ ደወልና ስፕሪንክለር የሚባለው ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ሕንፃው በሚመረቅበት ቀን እንግዶች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩአቸዋል፤ መሐንዲሱ ያስረዳል፤ ይጨበጨባል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የት እንዳሉ እንኳ የሚያስታውስ ይጠፋል።

በቅርቡ ስሙን ለመጥቀስ በማንወድደው አንድ የሕዝብ አዳራሽ ለሌላ ጉዳይ ገብተን ነበር። ስብሰባው እስኪጀመር ድረስ ዙሪያውን ስንመለከት በግድግዳው ላይ አንድ ቀይ ደወል አየን፤ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። የአዳራሹ ዘበኛ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀድሞ በውትድርና ያገለገሉ አባት ናቸው። ጠጋ ብለን «አባባ፣ ይህ ደወል ምን ሆኖ ነው የታሰረው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እሱማ ልጆቼ፣ ያለነገር እየጮኸ ስብሰባ በጠበጠ። አፉን ያዙት ተባልንና ያዝነው» አሉን።

«መቼ ነው ይህ የሆነው?»

«ኧረ ቆየ። ከቀድሞው ኀላፊ ጊዜ ጀምሮ ነው።»

ከመድረኩ ኋላ ወዳለው ጠባብ ክፍል ወስደው የስፕሪንክለሩን ዋና ቫልቭ አሳዩን። ተዘግቷል። አንድ ክረምት ከጣሪያው ቧንቧ መገጣጠሚያ ውኃ እየተንጠባጠበ ምንጣፉን ስላበላሸ፣ ቧንቧው እስኪጠገን ተብሎ ነበር የተዘጋው። ቧንቧው ተጠገነ። ቫልቩን መልሶ መክፈት ግን የማንም ሥራ ስላልነበረ እንደተዘጋ ቀረ። ከዚያም በላይ የክፍሉ በር የሚከፈተው በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ ቁልፍ ብቻ ነው፤ በዚያን ዕለት ክፍት ያገኘነው ወንበር ይወጣ ስለነበር ነው። ሽማግሌው መደንገጣችንን አይተው «እኔ ጠመንጃ ቢሆን አውቅበት ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላሳየኝም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጠመንጃ ሲሰጣቸው መፍታቱን፣ መጥረጉንና መግጠሙን አስተምሮ ነው የሰጣቸው መንግሥት። የብዙ መቶ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ቫልቭ ሲያስረክባቸው ግን ስሙን እንኳ አልነገራቸውም።

ወታደር አንባቢዎቻችን ነገሩን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ዘብ የሌለበት ቦታ ዘብ እንደሌለበት ስለሚታወቅ ጓዱ ሁሉ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ያድራል። ዘብ ቆሞበት ዘቡ የተኛበት ቦታ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከኋላው ያለው ሰው እርሱን አምኖ ጫማውን አውልቆ ተኝቷልና። የተገጠመና የተረሳ የእሳት ማስጠንቀቂያም እንደዚሁ ነው። በጭቃና በቆርቆሮ ቤት የሚኖር ሰው እሳት እንደሚያሰጋው ስለሚያውቅ ማታ ፍሙን አዳፍኖ፣ ኩራዙን አጥፍቶ ይተኛል። በሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ግን ከራሱ በላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ዕቃ አይቶ ይተማመናል። የማትሠራ ከሆነች ያታለለው ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ሰው ነው።

ስፕሪንክለርን በሚመለከት በብዙ ሰው ዘንድ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ስላለ እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። በፊልም እንደሚታየው አንድ ሰው ሲጋራ ሲለኩስ የሕንፃው ጣሪያ በሙሉ እንደ ሐምሌ ዝናብ የሚያወርድ የሚመስለው ሰው አለ። በዚህም የተነሣ አንዳንድ የመዝገብ ቤት ኀላፊዎች «ፋይላችንን ያበሰብስብናል» እያሉ ቫልቩ ቢዘጋ ይመርጣሉ። እውነቱ ሌላ ነው። በተለመደው ዓይነት መሣሪያ በእያንዳንዱ የርጭት አፍ ላይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ውኃውን ዘግታ ትይዛለች። በዙሪያዋ ያለው ሙቀት ከተወሰነለት ደረጃ ሲደርስ ፈሳሹ ይሰፋና ብልቃጧ ትሰበራለች፤ ውኃውም ይወርዳል። ቀይ ፈሳሽ ያላት በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ብጫዋ በ79፣ አረንጓዴዋ በ93 ትሰበራለች። የምትከፈተው ሙቀቱ የደረሰባት ብቻ ናት እንጂ ጎረቤቶቿ አብረዋት አይከፈቱም። ብዙውን ጊዜ እሳቱን ለመግታት አንድ ወይም ጥቂት አፎች ይበቃሉ። ከአንድ አፍ በደቂቃ የሚወርደው ከ60 እስከ 100 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ በቱቦ የሚረጨው በደቂቃ ብዙ መቶ ሊትር ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከውኃ ለማዳን ብሎ ቫልቭ የሚዘጋ ሰው ፋይሉን በመጀመሪያ ለእሳት፣ የተረፈውን ለጎርፍ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

የተዘጋ ቫልቭ ምን እንደሚያስከትል በአህጉራችን በቅርብ ዓመት የታየ ነገር አለ። ታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2022) እሑድ ጧት በኬፕ ታውን ከተማ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጥሪው በደረሳቸው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከቦታው ተገኝተዋል። የሕንፃው ደወል የጮኸው ግን፣ የከተማው ባለሥልጣን እንደገለጹት፣ እነርሱ ከደረሱ በኋላ ነበር። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይኸው ነው። ከጣሪያው ይወርዳል የተባለውም ውኃ አልወረደም፤ ቫልቩ ተዘግቶ ተገኘ። የከተማው የእሳት አደጋ አገልግሎት ባቀረበው የመጀመሪያ ሪፖርት ላይ የስፕሪንክለሩ ጥገና ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 እንደነበረና በ2020 ሊደረግ ቀጠሮ የተያዘለት ሳይደረግ እንደቀረ ተመልክቷል።

እሳቱ በማግሥቱ በነፋስ ታግዞ እንደገና ተነሣ። ብሔራዊ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ወደመ። የሞተ ሰው ባይኖርም የሕዝብ እንደራሴዎች ቤት አልባ ሆኑ፤ በሚቀጥለው ወር ፕሬዚዳንቱ ዓመታዊ ንግግራቸውን ያሰሙት በከተማው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር። እሳቱን ለኩሷል የተባለ አንድ ሰው ተይዞ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ቫልቩን የዘጋው ሰው ግን ክብሪት በእጁ አልነበረም። ምናልባትም የሚንጠባጠብ ቧንቧ ለማቆም የተጋ ጥሩ ሠራተኛ ይሆናል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ሁለተኛው ሰው ነው፤ እንደ መጀመሪያው ያለ ሰው በየከተማው አይገኝም፣ እንደ ሁለተኛው ያለ ግን በየሕንፃው አለና።

በዚያው በኬፕ ታውን ከተማ፣ ከዚህ አደጋ ስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተራራው የወረደ ሰደድ እሳት ዩኒቨርሲቲው ደርሶ የጃገር ቤተ መጻሕፍትን የንባብ አዳራሽ አቃጥሎ ነበር። ስለ አፍሪካ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍትና የተሰበሰቡ ፊልሞች በዚያ ጠፍተዋል፤ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ የእሳት ጠቋሚው መሣሪያ ሥራውን ሠራ። እሳት የሚያግዱት መዝጊያዎች በጊዜው ወርደው እሳቱ ወደ ቀሩት የቤተ መጻሕፍቱ ክፍሎች እንዳይሻገር ከለከሉት። ከምድር በታች ባሉት ክፍሎች ከነበሩት ሰነዶች ብዙዎቹ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች እጅ እየተቀባበሉ ወጡ። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት ያልሞላ ጊዜ፣ ሁለት የሕዝብ ሕንፃ። በአንደኛው መሣሪያው ነቅቶ ነበር፤ በሌላው ተኝቶ ነበር።

ደወሉ ደኅና ሆኖ ሰው ያልተዘጋጀበትም ጊዜ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ ሥር እሳት ሲነሣ ማስጠንቀቂያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ጮኋል። ነገር ግን መሣሪያው ያመለከተው ቦታ በትክክል ስላልተተረጐመ ጥበቃው የተላከው ወደ ሌላ ጣሪያ ነበር። ሄዶ አየ፤ እሳት የለም። ስሕተቱ ታውቆ ወደ ትክክለኛው ቦታ እስኪደረስ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆየው የጣሪያው እንጨት ከሰው እጅ ወጣ። ካቴድራሉ ታድሶ የተከፈተው ከ5 ዓመት በላይ ቆይቶ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ላይ ያሉት ቁጥሮች የትኛውን ክፍል እንደሚያመለክቱ በሕንፃችን ውስጥ ስንት ሰው ያውቃል? ሰሌዳው በውጭ አገር ቋንቋ ከሆነስ? የአጠቃቀም መጽሐፉ በኀላፊው መሳቢያ ተቆልፎበት፣ ኀላፊውም ቁልፉን ይዞ ተዛውሮ የሄደበትን መሥሪያ ቤት እናውቃለን።

በእሳት አደጋ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ሳይረሱት የሚናገሩት ሌላም ታሪክ አለ። የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ በተባለው ባለ 38 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ እሳቱ በ22ኛው ፎቅ ተነሣ። መንሥኤው እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጥለው መሄዳቸው ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀር ማንም ሳይለኩሰው ከራሱ ሞቆ ይነዳል፤ አናጢዎቻችን ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው። ደወሉ ሲጮኽ የሕንፃው ሠራተኛ የእሳት አደጋ ከመጥራት ይልቅ እስቲ ልየው ብሎ በአሳንሰር ወጣ፤ ነፍሱም ለጥቂት ተረፈች። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ቱቧቸውን በየፎቁ ካለው ቧንቧ ጋር ቢያገናኙት፣ የግፊት መቀነሻ ቫልቮቹ በትክክል ያልተስተካከሉ ስለነበሩ ውኃው ጉልበት አጣ። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጢሱ ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ሞቱ። እሳቱ 19 ሰዓት ያህል እየነደደ 8 ፎቅ ከበላ በኋላ 30ኛው ፎቅ ላይ ቆመ። ያቆሙት በዚያ ፎቅ ላይ ተገጥመው ውኃ የነበራቸው 10 የስፕሪንክለር አፎች ናቸው። የታላቅ ከተማ የእሳት አደጋ ኃይል ያልቻለውን አሥር አፎች ቻሉት።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ደወሉ «ያለነገር ይጮኻል» የሚለውን አነጋገር ከየቦታው እንሰማለን። ጢስ ጠቋሚ መሣሪያ ያለነገር አይጮኽም። የበጋ ትቢያ ገብቶበት፣ ሸረሪት አድርታበት፣ የወጥ ቤት እንፋሎት እየደረሰው ወይም ዕድሜው አልፎ ይሆናል። ሰው ሲያስለው ይታከማል እንጂ አፉ አይታሰርም። የሚጠረገውን መጥረግ፣ ቦታው የተሳሳተውን ማዛወር፣ ያረጀውን መለወጥ ነው መድኃኒቱ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ሰው ደወሉን መናቅ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ደወሉ እውነቱን ሲናገር እንኳ እንደ ውሸታሙ እረኛ የሚሰማው አያገኝም።

ሌላው ጥፋት ከክፋት የሚመጣ ስላልሆነ ለመቈጣትም አይመችም። ቀለም ቀቢው ጣሪያውን ሲያሳምር የስፕሪንክለሩን አፍ አብሮ ነጭ ይቀባዋል፤ ቀለም የለበሰ አፍ ሙቀቱን በጊዜው አያውቅምና መለወጥ አለበት፣ መፋቅ አይበቃውም። የግምጃ ቤት ሠራተኛው ቦታ ስለጠበበው ዕቃውን እስከ ጣሪያ ይከምራል፤ ከአፉ በታች ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ባዶ ካልተተወ ግን ውኃው አይበተንም። በወታደር መኝታ ቤት ካፖርት የተሰቀለበት የስፕሪንክለር አፍ በዓይናችን አይተናል፤ የሰቀለውን ወታደር አንወቅሰውም፣ ምን እንደሆነ አልተነገረውምና። ናፍጣውስ? የእሳት ፓምፕ ጋን ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ናፍጣ ለአንዳንድ ሰው የተረሳ ገንዘብ መስሎ ይታየዋል። መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተሩ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ይቀዳል። የዛሬ ብቻው ናፍጣ ሲመለስ ያየ ሰው ካለ ይጻፍልን።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን በጀት የለም፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ምንዛሪ ከየት ይገኛል ይሉን ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። ባትሪና ጠቋሚ መሣሪያ ዕድሜ አላቸው፤ በየዓመቱ በበጀት ካልተያዘላቸው የዛሬ ጥንቃቄ የነገ አሮጌ ብረት ይሆናል። አዲስ ለመግዛት ገንዘብ የሚፈቅድ፣ ያለውን ለመጠገን ሲጠየቅ ግን የሚያንገራግር የበጀት አሠራር መታረም ያለበት መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ነገር ግን የተዘጋ ቫልቭ ለመክፈት ምንዛሪ አያስፈልግም። የታሰረ ደወል ለመፍታትም እንዲሁ። በሌላ በኩል የሚቃጠለው ሕንፃ ዋጋ የግድግዳው ዋጋ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በናይሮቢ የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች መቀበያ አዳራሽ በተቃጠለ ጊዜ፣ ጎረቤታችን ኬንያ የዓለምን እንግዳ በድንኳን ለመቀበል ተገድዳለች። የተቃጠለ መዝገብ ቤት ደግሞ ድንኳን እንኳ አይተካውም፤ የባለ ርስቱ ካርታ፣ የጡረተኛው ዶሴ፣ የወላጅ አልባው ልጅ የውርስ ወረቀት በዚያ ነው ያለው።

ስለሆነም የምንጠይቀው ይህንን ነው። በእያንዳንዱ የሕዝብ ሕንፃና የጦር ሰፈር ስሙ በጽሑፍ የታወቀ አንድ ኀላፊ ይመደብ፤ ኮሚቴ አንልም፣ ኮሚቴ ቫልቭ ከፍቶ አያውቅምና። ለዋናው ቫልቭ ክፍል ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ ሌሊትም ከማይለየው ዘበኛ ዘንድ ይሁን። ቫልቩ ክፍት ሆኖ በሰንሰለት ይታሰር። ከጎኑ መዝገብ ይንጠልጠል፤ በየሳምንቱ የግፊት መለኪያው ያሳየው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ያየው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍበት። ለጥገና ቫልቭ የሚዘጋ ሰው የዘጋበትን ሰዓት ይጻፍ፤ ከፍቶ ሳይፈርም አይሂድ፣ እስኪከፈትም ድረስ ሰው በዙር ይጠብቅ። ዘበኛ ሲለወጥ ወይም ኀላፊ ሲዛወር የጠመንጃና የጥይት ርክክብ እንደሚደረግ የደወሉና የቫልቩም ርክክብ ይደረግ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጧት 3 ሰዓት ላይ፣ ደወሉ ለአንድ ደቂቃ ይደወል፤ ፓምፑም ይነሣ። ሕዝቡ ድምፁን ይለየዋል፤ ያልጮኸ ቅዳሜ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ስፕሪንክለርም ደወልም የሌላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ብዙ መሆናቸውን አንዘነጋም፤ ለእነርሱ አሸዋው፣ ባልዲው፣ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሩና ያልተቆለፈው የኋላ በር ከላይ በተባለው መዝገብ ይቆጠሩላቸው።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችን በፊት ወደዚያው አዳራሽ ተመልሰን ሄደን ነበር። ሽማግሌው ደወሉን ፈትተው፣ ጨርቁን አጥበው ለመወልወያ አድርገውታል። ጠቋሚውንም በመሰላል ወጥተው አቧራውን እንዳራገፉለት ነገሩን። ወደ ቫልቩ ክፍል ስንሄድ ግን በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ከግምጃ ቤቱ ኀላፊ ጋር ነው፤ እርሱም የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አገር ቤት ሄዷል፤ የሚመለሰው በወሩ መጨረሻ ነው። በአዳራሹ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት የመጪው ቅዳሜ ስብሰባ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀመራል።